ቁጥሩ ሳይነካ የሚለወጥ ቀለም፦ የቪዲዮ ኤክስፖርት ጣጣ ዳሰሳ

ከሩዋንዳ ሰፈር እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ባሉት ፎቆች ውስጥ ማስታወቂያ፣ የሙዚቃ ክሊፕ ወይም የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ኤዲተር ይህን ንግግር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ወንድሜ፣ ስቱዲዮ ያሳየኸኝ እኮ ይሄ አይደለም።» ሥራው በአፍተር ኢፌክትስ መስኮት ላይ ሲታይ ሞቅ ያለ፣ ጥላውም ጠለቅ ያለ ነበር። ኤክስፖርት ተደርጎ በማክ ሲከፈት ገርጥቷል። በቴሌግራም ደንበኛው ስልክ ላይ ሲደርስ ሌላ መልክ ይዟል። ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ከወንበሩ ጥላ ጋር ተዋህዷል። ፋይሉ ግን ያው አንዱ ፋይል ነው።

የተለመደው መድኃኒት «ትንሽ ኮንትራስት ጨምርበት» ነው። የገረጣው ይጠቆራል፣ የጠቆረው ይነጣል፣ እንደገና ኤክስፖርት ይደረጋል። እኔ ይህ መድኃኒት ከበሽታው ይከፋል ባይ ነኝ። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ንባቡ እንጂ ቀለሙ አይደለም። የተሳሳተ ንባብን ቁጥር በመቀየር ያረመ ሰው፣ ፋይሉን በትክክል ያነቡ በነበሩት ስክሪኖች ሁሉ ላይ ሥራውን ያበላሻል። አንዱን ደንበኛ ለማስደሰት ሌላውን ተመልካች ሁሉ ያስከፋል ማለት ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከውጭ የመጣ እንግዳ «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ቢቀጥረን፣ እኛ ጠዋት ቁርሳችንን በልተን ስንጠብቀው እሱ ከምሳ በኋላ ይመጣል። በቁጥሩ የተሳሳተ የለም፤ ያልተነገረው በማን አቆጣጠር እንደሚነበብ ነው። የቪዲዮ ፋይልም እንዲሁ የቁጥር ክምር ነው። ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚነበቡ የሚናገር ትንሽ መለያ አብሯቸው ይጻፋል፣ ወይም ሳይጻፍ ይቀራል። ባልተጻፈ ጊዜ እያንዳንዱ ማጫወቻ በየራሱ ይገምታል።

የሚገመቱት ነገሮች አራት ናቸው። ዋነኞቹ ቀለሞች የት እንደቆሙ፣ ማለትም «ሙሉ ቀይ» ሲባል ምን ያህል ቀይ እንደሆነ፤ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚወጣው ኩርባ፣ በተለምዶ ጋማ የምንለው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ የተሠራው ምስል ብርሃኑና ቀለሙ ተለያይቶ የሚቀመጥበት ስሌት፣ እርሱም ማትሪክስ የሚባለው፤ በመጨረሻም ሬንጅ፣ ጥቁር ከ0 ይጀምር ወይስ ከ16። ሰው ሁሉንም በጅምላ «ከለር ስፔስ» እያለ ይጠራቸዋል። ምርመራው የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አራቱ በየራሳቸው ይሳሳታሉ፣ እያንዳንዱም የሚተወው ምልክት የተለየ ነው።

እነዚህን አራቱን የሚወስኑት ደረጃዎች በአንድ ጀንበር አልወጡም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሲጀምር ጣጣው ግማሽ ነበር፤ ግራጫ ማትሪክስ አያውቅም። የቀለም ሥርጭት በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የዲጂታል ቪዲዮ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ 601 የሚባለው፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1982 ወጥቶ ነበር። ለኤችዲ የወጣው 709 በ1990 ጸደቀ። ለኮምፒውተር ስክሪን የሚያገለግለውን ኤስአርጂቢን ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 አቀረቡ። ሰፊው 2020 በ2012 መጣ፣ የኤችዲአር ደረጃ የሆነው 2100 ደግሞ በ2016። ዛሬ አንድ የሰርግ ፕሮጀክት ውስጥ የእነዚህ ሁሉ ዘመናት ቁሳቁስ አብሮ ሊገኝ ይችላል፤ የወላጆች የድሮ ካሴት፣ የሶኒ ካሜራ ሎግ፣ የአክስት ልጅ በአይፎን የቀረጸችው፣ ከኢንተርኔት የወረደ አርማ።

ከአራቱ ስሕተቶች ብዙ ሰው የማያውቀው ማትሪክሱን ነው። ለእሱ ከሰንደቅ ዓላማችን የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም። ሦስቱን መደቦች በኮምፒውተር ንጹህ ቀለም እንሙላቸው፤ አረንጓዴው 0፣ 255፣ 0፤ ቢጫው 255፣ 255፣ 0፤ ቀዩ 255፣ 0፣ 0። ምስሉ በ601 ስሌት ተቀይሮ በ709 ስሌት ቢነበብ አረንጓዴው ከ255 ወደ 215 ገደማ ይወርዳል፤ በዓይን የሚታይ መጥቆር ነው። ቀዩ ውስጥ 25 ገደማ አረንጓዴ ይገባበትና ወደ ብርቱካን ያደላል። ቢጫው አረንጓዴው ወደ 240 ስለሚወርድ እሱም ሞቅ ይላል። መካከል ላይ ያለው ክብ በንጹህ ሰማያዊ ቢሞላ ብዙም አይነካም። ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ ደግሞ ፈጽሞ ንቅንቅ አይሉም። የእውነተኛው ጨርቅ ቀለም እንዲህ የነጠረ ስላልሆነ ልዩነቱ ያንሳል እንጂ አቅጣጫው ያው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 601 የብርሃኑን 58.7 በመቶ ለአረንጓዴ ሲሰጥ 709 ግን 71.5 በመቶ ይሰጣል።

ይህ ስሕተት በብዛት የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ ከብሌንደር ወይም ከአፍተር ኢፌክትስ ፒኤንጂ ተከታታይ አውጥቶ በኤፍኤፍኤምፔግ ወደ ኤች 264 የሚቀይር ሰው ነው። ምንም ካልተነገረው ኤፍኤፍኤምፔግ ከአርጂቢ ሲቀይር በ601 ያሰላል፤ ማጫወቻው ደግሞ ቁመቱ 1080 መሆኑን አይቶ 709 ነው ብሎ ያነባል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር በአንድነት መደረግ አለበት፦ ስሌቱ ራሱ በ709 እንዲሆን ማዘዝ፣ መለያውንም 709 ብሎ መጻፍ። መለያውን ብቻ የጻፈ ሰው በ601 የተሰላውን ፋይል 709 ነኝ እንዲል አደረገው እንጂ አላረመውም። ሌላው በር የድሮ ምስል ነው። የ576 መስመር ቅጂ፣ የአገር ቤት ፓል ካሴት የሚተወው ማለት ነው፣ ወደ 1080 ሲሰፋ ማትሪክሱ አብሮ ካልተቀየረ ስሕተቱ ያለ ድምፅ ይገባል። የቆየ ምስል የሚጠቀም ዘጋቢ ፊልም ላይ የአረንጓዴው ሣር አለቦታው መጥቆር ብዙ ጊዜ «ድሮ እንዲህ ነበር» እየተባለ ይታለፋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።

ሬንጅ ላይ ክርክር የለም፤ መልሱ ታውቋል፣ ስሕተቱ ግን አልቆመም። የቴሌቪዥን ቪዲዮ በስምንት ቢት ጥቁርን 16 ላይ፣ ነጭን 235 ላይ ያስቀምጣል። ኮምፒውተር ደግሞ ከ0 እስከ 255 ነው። በ16 የጀመረው በ0 እንደጀመረ ከተነበበ ምስሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ ቆሻሻ ይሆናል። በተቃራኒው ከ0 የጀመረው ከ16 እንደጀመረ ከተነበበ ከ16 በታች ያለው ሁሉ ጥቁር፣ ከ235 በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። የእኛ ሰርግ በዚህ ስሕተት ከሌላው አገር ሰርግ የበለጠ ይጎዳል፤ ሙሽራዋ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ ሚዜዎቹም ነጠላ ጥለዋል። ሽመናው የሚታየው ከነጩ ጫፍ ባለችው ጠባብ ቦታ ነው፤ እሷ ስትቆረጥ ነጠላው ወረቀት ይሆናል። በጥቁሩ ጫፍ ደግሞ ሹሩባውና የጥላ ቦታ ያለ የፊት ገጽታ ይጠፋሉ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ በደብዛዛ አዳራሽ ሲቀረጽ አብዛኛው መረጃው ታችኛው ሩብ ውስጥ ነውና ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ፋይሉ ንጹህ ሆኖ ሬንጁን የሚያበላሸው ገመዱ ነው። ደንበኛው ሥራውን በትልቅ ቴሌቪዥን ይይ ተብሎ ላፕቶፑ በኤችዲኤምአይ ይሰካል፤ የግራፊክስ ካርዱ «ሊሚትድ» ሲልክ ቴሌቪዥኑ «ፉል» ይጠብቃል፣ ወይም ተገላቢጦሽ። ደንበኛው ያየው ሥራውን ሳይሆን ያለመግባባቱን ነው። ሁለቱንም አንድ ዓይነት ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተሰካ በኋላ ከለር ግሬዲንግ መንካት ግን ሌላ ታሪክ ነው። እግረ መንገዴን፦ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ አንዳንዶቹ ኃይል ለመቆጠብ የስክሪኑን ብርሃንና ንጽጽር ራሳቸው ይለዋውጣሉ። ይህ ቅንብር ካልተዘጋ በባትሪ የተሠራ ከለር ላይ መተማመን አይቻልም።

አሁን ወደ ጋማ። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ እውነተኛ ስምምነት የሌለበት ቦታ ይህ ነው፤ በየስቱዲዮው የሚሰማው «ማክ ላይ ይገረጣል» የሚለው ቅሬታም የዚሁ ክርክር አካል ነው። ነገሩ የተወለደው ከአንድ ጉድለት ነው። 709 በ1990 ሲጸድቅ የጻፈው ካሜራው ብርሃንን እንዴት ወደ ቁጥር እንደሚቀይር ብቻ ነበር። ስክሪኑ ቁጥሩን እንዴት ወደ ብርሃን እንደሚመልስ አልተጻፈም፤ ያኔ ሁሉም የመስታወት ቱቦ ቴሌቪዥን ስለነበረ መጻፉ አስፈላጊ አልመሰለም። ቱቦው ሲጠፋ ክፍተቱ ታየና በ2011 1886 በሚባለው ደረጃ ተሞላ፤ ጋማ 2.4 ነው ተባለ። አፕል በበኩሉ ቪዲዮውን የሚያሳየው የካሜራውን ኩርባ ገልብጦ ነው፤ እሱም ወደ 1.96 ይጠጋል። የኮምፒውተሩና የስልኩ ዓለም በአብዛኛው 2.2 አካባቢ ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ቀልድ አይደለም። ከጥቁር ወደ ነጭ በግማሽ መንገድ ላይ ያለ ግራጫ በ2.4 ስክሪን 19 በመቶ ገደማ ብርሃን ይሰጣል፣ በ2.2 22 በመቶ፣ በ1.96 ደግሞ 26 በመቶ ገደማ። ጥቁሩም ነጩም ቦታቸው ላይ ናቸው፤ የተንቀሳቀሰው መሐሉ ነው። ስለዚህ ዓይን «ገርጥቷል» ይላል፣ እጅም ወደ ኮንትራስት ይሄዳል። በኩዊክታይም ገርጥቶ ስለታየ የተጠቆረ ሥራ በዊንዶውስና በአንድሮይድ ስልክ ላይ ከሚገባው በላይ ጠቁሮ ይወጣል። በአንድሮይድ ስልክ በሚያይ ተመልካች የተሞላ ከተማ ውስጥ ደግሞ ይህ የስሕተቱን ሸክም ለብዙኃኑ መስጠት ነው።

የሶፍትዌር አምራቾቹ መልስ ክርክሩን ከመፍታት ይልቅ አብሮት መኖርን መርጧል። ፕሪሚየር ውስጥ የመመልከቻ ጋማ የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ 2.4 ለብሮድካስት፣ 2.2 ለዌብ፣ 1.96 ለኩዊክታይም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ደግሞ ለአፕል ስክሪን ብሎ «ሬክ 709-ኤ» የሚል አማራጭ ጨምሯል። ሁለቱም የሚጠቅሙት ምን እንደሚያደርጉ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ሥራው መሐል አንዱ ኤዲተር በ2.4 ሌላው በ1.96 እያዩ ከሠሩ ችግሩ ወደ ቤት ገባ ማለት ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሥራው ለዩቲዩብና ለስልክ ከሆነ በ2.2 እያዩ መሥራት፣ መለያውን 1-1-1 አድርጎ መላክ፣ ማክ ላይ ለሚታየው መጠነኛ መገርጣት ደግሞ ደንበኛውን አስቀድሞ ማስረዳት። ለጣቢያ ከሆነ በ2.4፣ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል። 2.4 የተለካው ደብዘዝ ላለ ክፍል ነው፤ የቀትር ፀሐይ በሚገባበት ባለመስታወት ፎቅ ላይ 2.4 ብሎ መፎከር ራስን ማታለል ነው።

የመለያው ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ዋነኞቹን ቀለሞች፣ ኩርባውንና ማትሪክሱን ይናገራሉ። 1 ማለት 709 ነው፤ 2 ማለት «አልተገለጸም» ነው፤ 9 የሚለው 2020ን ይጠቁማል። ስለዚህ ሚዲያኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ ማየት የምርመራው መጀመሪያ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የመጨረሻ ያደርገዋል። ያለ መለያ የወጣ ፋይል በአንዱ ማጫወቻ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ቢመስል አይገርምም። ቪኤልሲ በተለምዶ የስክሪኑን ፕሮፋይል ከግምት አያስገባም፣ ኩዊክታይም ያስገባል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ «የትኛው ነው ልክ?» ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም።

ኮምፖዚቲንግ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ጣጣ ደግሞ የተለየ ነው፤ እዚያ ስሕተቱ ከመውጫው በር ብቻ ሳይሆን ከመግቢያውም ይመጣል። አፍተር ኢፌክትስ ሲከፈት የፕሮጀክቱ የሥራ ቀለም ክልል «ምንም» ሆኖ ነው የሚጀምረው፤ በዚህ ሁኔታ ቁጥሮች እንደገቡ ይወጣሉ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ክልሉ 709 ተደርጎ፣ ሌላው ላይ «ምንም» እንዳለ ሆኖ ፕሮጀክቱ ቢከፈል፣ የባንክ ማስታወቂያ ላይ ያለው አርማ ከሁለቱ ማሽኖች ሁለት ዓይነት ሆኖ ይወጣል። አርማው ፕሮፋይል የሌለው ፒኤንጂ ከሆነ ኤስአርጂቢ ነው ተብሎ ይታሰብና ወደ ሥራው ክልል ሲቀየር ቁጥሩ ይነካል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወይን ጠጅ ወይም የኢትዮ ቴሌኮም አረንጓዴ ላይ የማርኬቲንግ ሰዎች ዓይን ስለት ነው። ቀለሙ እንዲጠበቅ የተፈለገ አርማ ላይ «አርጂቢውን ጠብቅ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ያድናል፤ ያ ምልክት ካሜራ በቀረጸው ምስል ላይ ከተደረገ ግን ሌላ ስሕተት ይወልዳል።

ኑክ ከዚህ ይለያል። ሲያነብ ሁሉንም ወደ ሊኒየር፣ ኩርባ ወደሌለው ቁጥር፣ ያመጣል፣ ሲጽፍ ይመልሳል። ስሕተቱ የሚታየው ከኑክ በኢኤክስአር የወጣው ሊኒየር ምስል ሳይቀየር ፕሪሚየር ላይ ሲጣል ነው፤ ከመጠን በላይ ጠቁሮ፣ ንጽጽሩ ከርሮ ይታያል። ሁለት ጊዜ የተቀየረው ደግሞ ወተት ይመስላል። በሊኒየር የተዋሃደና በተራ ጋማ የተዋሃደ ሥራ ጠርዙም ይለያል፤ ደብዘዝ ያለ ጥላ ወይም ጭስ ከሆነ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ «ጽሑፉ ዙሪያ ጥቁር መስመር መጣብኝ» የሚል ሰው ኤክስፖርቱን ትቶ ሊኒየር የሚለውን ምልክት ከሁለቱም ማሽኖች ላይ ያነጻጽር።

ብሌንደርን ለብቻው ማንሳት ይገባል፤ ነጻ ስለሆነ በከተማችን ብዙ ወጣት የጀመረው በእሱ ነው፣ ስሕተቱም የታወቀ ነው። ከ2.80 ጀምሮ ፊልሚክ፣ ከ4.0 (እ.ኤ.አ. ኅዳር 2023) ጀምሮ ኤጂኤክስ የሚባል የእይታ ቅየራ በነባሪነት ተጭኖ ይመጣል። ይህ ለሦስት ዳይሜንሽን ትዕይንት ድንቅ ነው። ቀድሞ የተጠናቀቀ ቪዲዮ ግን በእሱ ውስጥ ካለፈ ቀለሙ ይሞታል፤ ነጩም ነጭ መሆኑን ይተዋል። መፍትሔው ያንን ቅየራ «ስታንዳርድ» ማድረግ ብቻ ነው። ቀላል ነው፣ ካላወቁት ግን በተደጋጋሚ ከለር ግሬዲንግ ላይ ሰዓታት ይበላል።

እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ትልቁ የስሕተት ምንጭ ስልክ ነው። አይፎን 12 ከወጣ ጀምሮ የአፕል ስልኮች ቪዲዮን በኤችዲአር ይቀርጻሉ፤ ዐሥር ቢት፣ የ2020 ቀለም፣ ኤችኤልጂ የሚባል ኩርባ፤ መለያው 9-18-9። እንዲህ ያለ ክሊፕ 709 ፕሮጀክት ላይ ሲጣል ሶፍትዌሩ መለያውን ካላከበረ ይገረጣል፤ አክብሮ ብርሃኑን ካላለዘበ ደግሞ ሰማዩና ነጠላው ይቃጠላሉ። አዳዲስ ስሪቶች ራሳቸው የሚያለዝቡበት መንገድ አላቸው፤ የትኛው ማለዘብ ያምራል የሚለው ግን የምርጫ ጉዳይ ነውና ቁጥር አይፈርድበትም። እኔ የምመርጠው መከላከሉን ነው። ሰርግ ከመጀመሩ በፊት ስልክ ይዞ የሚቀርጸውን ዘመድ በካሜራ ቅንብሩ ውስጥ ኤችዲአር ቪዲዮን እንዲዘጋ መጠየቅ ከሰርግ በኋላ ከሚደረገው ማረሚያ ሁሉ ይሻላል። የሶኒ ኤስ-ሎግ 3 ከዚህ የቀለለ ነው፤ መካከለኛው ግራጫ 41 በመቶ ላይ እንደሚያርፍ ይታወቃልና ግራጫ ካርድ የያዘ ሰው ራሱ ያረጋግጣል።

እንግዲህ ስሕተቱ የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል? ዓይን እዚህ ላይ መጥፎ ምስክር ነው። ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄድ የግራጫ መስመርና ከላይ ያነሳነው ሰንደቅ ዓላማ ያለበት አንድ ፍሬም ይሠራል፤ በተለመደው መንገድ ኤክስፖርት ይደረጋል፤ ፋይሉ ወደዚያው ሶፍትዌር ይመለስና ቁጥሮቹ በኢንፎ ፓነል ይነበባሉ። ተመሳሳይ ከሆኑ፣ ከጨመቃው የሚመጣ አንድ ሁለት ልዩነት ሳይቆጠር፣ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ያየነው ለውጥ የማጫወቻው ወይም የስክሪኑ ነው። 0 የነበረው 16 ሆኖ ከመጣ ሬንጅ ነው። ጥቁሩና ነጩ ቦታቸው ላይ ሆነው መሐሉ ከተንቀሳቀሰ ጋማ ነው። ግራጫው ሁሉ ደህና ሆኖ አረንጓዴው ብቻውን ከጠቆረ ማትሪክስ ነው። ግራጫው ደህና ሆኖ ቀለማቱ ሁሉ በአንድነት ከደመቁ ወይም ከደበዘዙ ዋነኞቹ ቀለሞች ናቸው፤ ይህ በብዛት ፒ3 ከሚባለው ሰፊ የአፕል ስክሪን ጋር ይመጣል። የጄሲካ በሺር «ፋያ ዳዪ»ን የመሰለ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ፊልም ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነጻ ነው፤ ጋማና ሬንጅ ግን በእጥፍ ያሰጉታል፣ ሌላ የሚደበቅበት የለውምና።

ከቀለም ክልል ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ። ኤች 264 በተለምዶ የቀለሙን መረጃ በቁመትም በወርድም በግማሽ ይቀንሳል፤ 1920 በ1080 የሆነ ምስል ቀለሙ 960 በ540 ብቻ ነው። በአረንጓዴ ላይ በቀይ የተጻፈ ቀጭን የግዕዝ ፊደል ጠርዙ የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ የቀለም ቅንብር መፍትሔ የለውም፤ ፊደሉን ማወፈር ወይም የብርሃን ልዩነት ያለው ቀለም መምረጥ ነው።

ኦፕንከለርአይኦና ኤሲኢኤስ የሚባሉት የቀለም አያያዝ ሥርዓቶች ደጋፊዎች ይህን ሁሉ የሚፈታው አንድ ወጥ ሥርዓት ነው ይላሉ። ኦፕንከለርአይኦን ሶኒ ፒክቸርስ ኢሜጅዎርክስ በ2010 ለሁሉም ክፍት አድርጎታል፤ ኑክም ብሌንደርም በእሱ ይሠራሉ፣ አፍተር ኢፌክትስም ተቀብሎታል። ክርክራቸው ትክክል ነው፤ ብዙ ካሜራ፣ ብዙ የሦስት ዳይሜንሽን ሥራና ብዙ እጅ ባለበት ፕሮጀክት ላይ ወሳኝ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ካሜራ ለሚሠሩት የሦስት ደቂቃ ክሊፕ ግን ሌላ የሚሳሳቱበት ቦታ ከመጨመር በቀር የሚሰጠው ብዙ አይታየኝም። እነሱ የሚያስፈልጋቸው ሁለቱም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ቅንብር መኖሩ ነው።

ማስረከቢያው ላይ ዩቲዩብ ቀላሉ ነው፤ ለተራው ቪዲዮ 709 በሦስቱም ይፈልጋል። ቴሌግራም ቪዲዮ ተብሎ የተላከለትን እንደገና ይጨምቃል፤ ለማስፈቀድ የሚላከው «ፋይል» ተብሎ ቢላክ እስከ 2 ጊጋባይት ሳይነካ ይደርሳል፣ ደንበኛውም የሚፈርደው በሥራው ላይ ይሆናል። ከ2019 ጀምሮ ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በኢትዮሳት ሲሰበሰቡ ኤችዲና ኤስዲ ጎን ለጎን ቀርተዋል፤ ስለዚህ ጣቢያው የሚፈልገው የትኛውን እንደሆነ ሳይጠይቁ መላክ የ601ን በር እንደገና መክፈት ነው።

ሲኒማ ደግሞ ሌላ ቤት ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ላይ በይፋዊው ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኖ ሲታይ፣ እንዲህ ያሉ ፌስቲቫሎች የሚቀበሉት ዲሲፒ የሚባለውን ጥቅል ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። በውስጡ ቀለሙ 709ም ኤስአርጂቢም አይደለም፤ ኤክስዋይዚ በሚባል ክልል በዐሥራ ሁለት ቢት ይቀመጣል፣ ኩርባው 2.6 ነው። ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቅየራውን ራሱ ይሠራል፣ ምንጩ ምን እንደነበር በትክክል ከተነገረው። ከኮምፖዚቲንግ ሶፍትዌር በ709 የወጣን ፋይል ኤስአርጂቢ ነው ብሎ ያስገባ ሰው ጥላው ሁሉ የተነሣ፣ የገረጣ ምስል ያገኛል፤ ያንንም የሚያየው አዳራሹ ጨልሞ፣ ታዳሚው ተቀምጦ፣ የሚነካ ኮንትራስት በሌለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጥቅሉ ከመላኩ በፊት የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ብቻ ዲሲፒ አድርጎ እንዲታይለት የሲኒማ ቤቱን የፕሮጀክተር ባለሙያ መለመን ያዋጣል፤ ብዙዎቹ ጠዋት ፊልም ከመጀመሩ በፊት እሺ ይላሉ።